ያልተመዘገበ ቅርስ የቆራሌው ነው

(ጉለሌ፣ ሽሮ ሜዳ ለተሰበሰቡ ወጣቶች አንድ ጡረተኛ የታሪክ መምህር ያደረጉት ንግግር። ብዙዎቻችሁ በጠየቃችሁን መሠረት ሙሉ ቃሉን እነሆ። ረዘም ይላል፤ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት።)



ጥሪው ሲደርሰኝ «ጋሼ፣ ስለ ታሪካችን ታላቅነት ይንገሩን» ነው ያላችሁኝ። እውነቱን ልናገር፤ ስለ ታላቅነታችን የሚነግራችሁ ሰው አላጣችሁም። ስልካችሁን በከፈታችሁ ቁጥር አክሱም፣ ላሊበላ፣ ጎንደር፣ ዓድዋ ይነገራችኋል። ይነገር፤ ደግ ነው። እኔ ግን ዛሬ የማወራችሁ የማፍርበትን አንድ ነገር ነው።

የአያቴ ቤት ከዚህ ብዙም ሳይርቅ፣ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው መንገድ ዳር ነበር። ስትሞት እኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ከአርባዋ በኋላ ቤቱ ይጽዳ ተባለና እኔና የአክስቴ ልጅ ጓዙን እያወጣን ደጅ ደረደርን። አልጋው ሥር አንድ የቆርቆሮ ሳጥን ነበር። ውስጡ አንድ የብራና ዳዊት፣ ጥቂት ፎቶግራፎች፣ በክር የታሰሩ ደብዳቤዎች አሉ። ዳዊቱ ማኅደሩ ያለቀ፣ ጠርዙን አይጥ የበላው ነው። ያኔ ቆራሌው እየጮኸ መጣ። ሳጥኑን ወደደው። «ከነ ውስጡ ውሰደው» አልኩት። ልብ በሉ፣ ሰውየው አልሰረቀኝም፤ አላታለለኝም። ከነ ውስጡ ውሰደው ያልኩት እኔ ነኝ። በተቀበልኩት ገንዘብ የዚያኑ ዕለት ከጓደኞቼ ጋር ሻይ በፓስቲ ጠጣንበት።

ከዓመታት በኋላ አስተማሪ ሆኜ፣ ተማሪዎቼን ይዤ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ያለውን ሙዚየም ላስጎበኝ ሄድኩ። መስታወት ውስጥ አንድ ዳዊት ተቀምጧል። እንደ አያቴ ያለ ነው፤ ወርቅ የለውም፣ ሥዕል የለውም። አንዱ ተማሪ «ቲቸር፣ ይሄ ብርቅ ነው እንዴ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። በሆዴ ያልኩት ግን እስከ ዛሬ አለ። በዚህ ዳዊትና በአያቴ ዳዊት መካከል ያለው ልዩነት ዕድሜ አይደለም፣ ውበትም አይደለም። ይሄኛውን አንድ ሰው ተቀብሎ መዝግቦታል። ያኛውን እኔ ለቆራሌው ሰጥቼዋለሁ። በቃ።

የዛሬው ንግግሬ ይኼው ነው። የቀረው ማብራሪያ ነው።

መዝጋቢዎቹ እነማን ነበሩ?

ከሽሮ ሜዳ ቁልቁል ስትወርዱ ስድስት ኪሎ ትደርሳላችሁ። ያ የዩኒቨርሲቲ ግቢ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። ጣሊያን አገራችንን ሲይዝ የፋሽስቱ እንደራሴ ግራዚያኒ ተቀመጠበት። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ የወረወሩት እዚያ ደጅ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ በሦስት ቀን ውስጥ የአዲስ አበባ ሕዝብ እንዴት እንደተጨፈጨፈ ታውቃላችሁ፤ ሐውልቱ አደባባዩ ላይ ቆሟል። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመንግሥት ግልበጣው ሙከራ ሲከሽፍም ታግተው የነበሩ ሚኒስትሮችና መኳንንት የተረሸኑት በዚሁ ቤት ውስጥ ነው። በዓመቱ ንጉሠ ነገሥቱ ግቢውን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡት።

አስቡት እስቲ። እንዲህ ያለ ቤት ስትረከቡ ምን ታደርጉበታላችሁ? ቢሮ ታደርጉታላችሁ፤ ወይም ትዘጉታላችሁ። ያኔ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ልጅ ካሣ ወልደ ማርያም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1963 በእሳቸው ዘመን የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ተመሠረተ፤ ቤተ መንግሥቱም የመጻሕፍትና የቅርስ ቤት ሆነ። ዛሬ ገብታችሁ ብታዩ የንጉሡ መኝታ ቤት እንዳለ አለ፤ ከዚያው ፎቅ ላይ ደግሞ የገበሬው ሞፈር፣ የሕፃኑ ማዘያ፣ የሙሾ አውጪዋ ነገር በየተራው ተደርድሯል። የንጉሥ አልጋና የገበሬ ዕቃ በአንድ ጣሪያ ሥር። ልጅ ካሣ ራሳቸው በደርግ ዘመን ያለ ፍርድ ተገደሉ። የተከሉት ግን አልሞተም።

የተቋሙ የመጀመሪያ ዳይሬክተር ሪቻርድ ፓንክረስት ነበሩ። እንግሊዛዊ ናቸው፤ ግን ዝም ብሎ እንግዳ አይደሉም። እናታቸው ሲልቪያ ፓንክረስት አገራችን በጠላት በተያዘችበት በ1936 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ለኢትዮጵያ የሚጮህ ጋዜጣ ያቋቋሙ ሴት ናቸው። እናትና ልጅ በ1956 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ገቡ። ሁለቱም ያረፉት እዚሁ ነው፤ መቃብራቸው ቅድስት ሥላሴ ነው።

ሙዚየሙን ያደራጁት ደግሞ ፖላንዳዊው የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ስታኒስላቭ ኾይናትስኪ ናቸው። ተቋሙ ከመፈጠሩ ከአሥር ዓመት በፊት፣ ገና ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በነበረበት ጊዜ ጀምሮ ገበያ ለገበያ እየዞሩ መስቀል፣ ሥዕል፣ ሳንቲም፣ የብራና መጽሐፍ ይገዙ ነበር። ለራሳቸው አይደለም፤ ለኮሌጁ። ያን ጊዜ ዕቃው ከነጋዴ እጅ ወደ ቱሪስት ሻንጣ፣ ከሻንጣ ወደ አውሮፕላን ነው የሚሄደው። እሳቸው መሐል መንገድ ላይ ቆመው አስቀሩት። የገዙትን ጻፉት።

አሁን አንዳንዶቻችሁ በሆዳችሁ «ታዲያ ቅርሳችንን ያዳነልን ፈረንጅ ነው ማለት ነው?» እያላችሁ ነው። አውቃለሁ፤ እኔም በእናንተ ዕድሜ ያልኩት ነው። አይደለም። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. የዚያው ኮሌጅ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች የባህል ጥናት ማኅበር ነበራቸው። ለዕረፍት አገራቸው ሲገቡ የሠርጉን፣ የለቅሶውን፣ የዕርቁን ሥርዓት ጽፈው ይመለሳሉ፤ ጽሑፋቸውም በማኅበሩ መጽሔት ይታተም ነበር። እንደ እናንተ ያሉ ልጆች ናቸው። በ1973 እ.ኤ.አ. የገዳማትን መጻሕፍት በማይክሮፊልም የማንሳት ሥራ ሲጀመር ደግሞ ዕቃ ቤታቸውን የከፈቱት የእኛው መነኮሳትና ካህናት ናቸው። እነዚያን ፊልሞች አሜሪካን አገር ተቀምጠው አንድ በአንድ እያነበቡ ካታሎግ ያዘጋጁት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። በጥይት ተመትተው እግራቸው የማይታዘዝላቸው ሰው፣ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው። ስለዚህ ነገሩ ፈረንጅና ሐበሻ አይደለም። የሚመዘግብና የማይመዘግብ ነው።

ደረጃው

ሙዚየሙ ፊት ለፊት አንድ የሚገርም ነገር አለ። ወደ ላይ የሚጠመዘዝ ደረጃ ነው፤ የትም አያደርስም። ጣሊያኖች የፋሽስትን የአገዛዝ ዘመን ለመቁጠር የሠሩት ነው። ጠላት ሲባረር ያንን ደረጃ በመዶሻ ማፍረስ ቀላል ነበር። ማንም አይወቅሳቸውም ነበር። አባቶቻችን ግን አላፈረሱትም። ጫፉ ላይ አንበሳ አስቀመጡበት። አሁን ደረጃው የሚናገረው የፋሽስትን ዘመን አይደለም፤ ማን እንደወጣና ማን እንደቀረ ነው።

ይህን የማነሳው ለምንድን ነው? አንዳንድ ጊዜ ወጣቶቻችን «የነእገሌ ነው፣ ይፍረስ» ሲሉ እሰማለሁ። በሁሉም ወገን እሰማለሁ። የጠላትን ደረጃ እንኳን ያቆዩ ሰዎች ልጆች ነን። የወንድማችንን ቅርስ አፍራሽ ከሆንን ከማን ተማርነው?

ዝርዝር ያለው ይጠይቃል

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ራሳቸውን ሠዉ። የእንግሊዝ ጦር ምሽጉን ዘረፈ። የተዘረፈውን ለማጓጓዝ አሥራ አምስት ዝሆንና ሁለት መቶ የሚጠጋ በቅሎ እንዳስፈለገ ተጽፏል። ከዚያ ውስጥ 350 ያህል የብራና መጻሕፍት ለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ። እነዚያ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ1877 በታተመ ካታሎግ አንድ በአንድ ተዘርዝረዋል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያናድድ እውነት አለ። ዛሬ ለንደን ሄደን «ይህ፣ ይህ፣ ይህ መጽሐፍ የእኛ ነው» ብለን ማመልከት የምንችለው በዝርዝር ስለተያዙ ነው። ዝርዝሩን የጻፈው ደግሞ የወሰደው ወገን ነው። ወታደሩ በየኮሮጆው ይዞት የሄደው፣ ማንም ያልጻፈውስ? የት እንዳለ እንኳን አናውቅም። በአጋጣሚ ካልተገኘ በስተቀር። አንድ ታቦት እንደዚያ ነው የተገኘው፤ ኤዲንብራ ውስጥ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሣጥን ተቀምጦ አንድ ቄስ አየውና በ1994 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመለሰ።

ፓንክረስት በዕድሜያቸው ማምሻ ላይ የያዙት ትግል ይህ ነበር። የመቅደላ ቅርስ እንዲመለስ ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር ማኅበር አቋቁመው ጻፉ፣ ተከራከሩ። የአክሱም ሐውልትም እንደዚሁ። ሞሶሊኒ በ1937 እ.ኤ.አ. ወደ ሮም ያስጓዘው፣ ጣሊያን በ1947ቱ የሰላም ውል ልትመልሰው ፈርማ ሳትመልስ የቆየችው ያ 24 ሜትር ድንጋይ በ1997 ዓ.ም. በሦስት ተቆራርጦ በአውሮፕላን መጣ። በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በቦታው ቆመ። በጩኸት ብቻ ነው የመጣው? ጩኸቱ ነበር፤ ሰልፉም ነበር። ከጩኸቱ ሥር ግን ወረቀት ነበር። ሰነድ፣ ቀን፣ የውል አንቀጽ።

ጥቁሮቹ ኮሌጆች

ይህ የእኛ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካን አገር ለጥቁሮች የተቋቋሙ ኮሌጆች አሉ። ጥቁር በነጭ ኮሌጅ በር እንዳያልፍ በተከለከለበት ዘመን የተሠሩ ናቸው። ከነሱ አንዱ ዋሽንግተን የሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ በ1867 እ.ኤ.አ. ተመሠረተ። ማለትም መቅደላ ከመዘረፉ አንድ ዓመት በፊት።

ለነዚያ ሰዎች «እናንተ ታሪክ የላችሁም» ይባሉ ነበር። ምን አደረጉ? ተሳደቡ? መጽሐፍ ሰበሰቡ። ዶሮቲ ፖርተር የምትባል ሴት በ1930 የሃዋርድን የጥቁሮች መጻሕፍት ስብስብ ተረከበች። ያኔ ቤተ መጻሕፍት የሚጠቀሙበት የአመዳደብ ሥርዓት ጥቁር ሰው የጻፈውን ነገር ሁሉ፣ ግጥምም ቢሆን፣ ከሁለት ቁጥር ሥር ይከተው ነበር። አንዱ የቅኝ ግዛት፣ ሌላው የባርነት። እሷ እምቢ አለች። ግጥሙን ከግጥም፣ ታሪኩን ከታሪክ ጋር አስቀመጠችው። ከአርባ ዓመት በላይ ሠራች። ዛሬ በዓለም ላይ የጥቁርን ሕዝብ ታሪክ የሚያጠና ሰው እሷ ባደራጀችው ስብስብ ሳያልፍ አይቀርም።

ነገሩ ከእኛም ጋር ይገናኛል። ሐኪሙ መላኩ በያን የተማሩት እዚያው ሃዋርድ ነው። እዚያ ሊዮ ሃንስበሪ የሚባሉ መምህር ነበሩ፤ የአፍሪካና የኢትዮጵያ ጥንታዊ ታሪክ ትምህርት ነው ብለው ያስተምራሉ፤ ባልደረቦቻቸው ሳይቀሩ ይጠራጠሯቸዋል። እኒህ ሰው ከመላኩ በያን ጋር በ1934 እ.ኤ.አ. ስለ ኢትዮጵያ የሚያጠና ጉባኤ አቋቋሙ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ አገራችን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት ሰጠቻቸው። የገዛ አገራቸው ያላከበረቻቸውን ሰው እኛ አከበርናቸው። ኩሩበት። ግን ጠይቁ ደግሞ፤ እነሱ የእኛን ታሪክ ያን ያህል ሲሰበስቡ፣ እኔ የአያቴን ሳጥን ለምን ሸጥኩ?

አሁን ወደ ሰፈራችን

ጉለሌ ምን አለው? እስቲ ቀና ብላችሁ ተራራውን እዩት። አፄ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. የነገሡት እንጦጦ ማርያም ነው። ቤተ መንግሥታቸው አሁንም እዚያ ላይ አለ። ጉለሌ የሚለው ስም ራሱ ከከተማው በፊት በዚህ መሬት ከብቱን ያሰማራ የነበረ የኦሮሞ ጎሳ ስም ነው። ከተማው ሲቆረቆር ቦታውን የለቀቀ ሕዝብ ነው፤ ይህም ታሪክ ነው፤ መጻፍ አለበት። እዚህ ሽሮ ሜዳ ላይ ጥበቡን የሚሸምኑት አባቶች ደግሞ ከጋሞ ደጋ የመጡ ናቸው። እናቶቻችሁ ለጥምቀት የሚለብሱት ቀሚስ የእነሱ እጅ ነው። ከፍ ብሎ የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል አለ። ዩኒቨርሲቲውና የከተማው አስተዳደር አንድ ላይ ያቋቋሙት፣ ከ700 ሄክታር የሚበልጥ ቦታ ነው፤ ባሕር ዛፍ በወረሰው ተራራ ላይ ጽዱን፣ ኮሶውን፣ የአገሩን ዛፍ ለመመለስ። ዛፍም ቅርስ ነው።

ልጆቼ፣ የእኔ የምትሉትን ብቻ ከመረጣችሁ ግማሹን ጉለሌ ትጥላላችሁ። የምኒልክን ዙፋን ይዞ የጉለሌን ስም የሚረሳ፣ ስሙን ይዞ ዙፋኑን የሚረሳ፣ ሁለቱንም ይዞ ሸማኔውን የሚረሳ፣ ሦስቱም ያው ቆራሌውን እየጠሩ ነው።

እዚህ ታች መንደር ጎረቤቴ የነበሩ አንድ ሸማኔ ነበሩ። ጥለቱን ሁሉ በስም ነበር የሚጠሩት። ይሄ እንዲህ ይባላል፣ ይሄን ከአባቴ ተማርኩ፣ ይሄን የፈጠርኩት እኔ ነኝ ይላሉ። አንድ ቀን መጥቼ እጽፈዋለሁ እያልኩ፣ እያልኩ፣ ሞቱ። ልጃቸው ይሸምናል። ስሞቹን ግን አያውቃቸውም። ጥለቱ አለ፤ ቃሉ ጠፋ። ሁለተኛ ጊዜ ነው እንግዲህ እኔ ያጠፋሁት።

ከተማችን ደግሞ በፍጥነት እየተቀየረ ነው። ሰፈር ይነሣል፣ ሰው ወደ ኮንዶሚኒየም ይገባል። ስለዚያ የየራሳችሁ ሐሳብ ይኖራችኋል፤ ዛሬ አልገባበትም። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ሰው ቤት የሚቀይር ቀን ነው ሳጥኑን የሚጥለው።

ምን እናድርግ?

ሥልጣን የለኝም፤ ገንዘብም የለኝም። እናንተም የላችሁም። ስልክ ግን ሁላችሁም አላችሁ። ስለዚህ የሚቻለውን ብቻ ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ በዚህ ሳምንት ከቤታችሁ ትልቁን ሰው ተቀምጣችሁ ቅረጹ። ሲጀመር ስሙን ከነአያቱ፣ የተወለደበትን አገር፣ የቀረጻችሁበትን ቀን በድምፅ ተናገሩ። ይህ ከሌለው ከአሥር ዓመት በኋላ የማን ድምፅ እንደሆነ አይታወቅም። አታቋርጧቸው። «ከዚያስ?» ብቻ በሉ።

ሁለተኛ፣ የቤታችሁን የድሮ ፎቶ አውጡና ከጀርባው በእርሳስ ጻፉ፤ ማን፣ የት፣ መቼ። በእስክሪብቶ አይደለም፤ ቀለሙ ወደ ፊት ያልፋል። ከዚያ በስልካችሁ አንሡትና ሁለት ቦታ አስቀምጡ።

ሦስተኛ፣ የብራና መጽሐፍ ቢገጥማችሁ አትሽጡ፣ አትግዙ፣ በፕላስተር አትጠግኑ። ከፀሐይና ከእርጥበት አርቁት። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለ፤ ቅርስ በእጁ ያለ ሰው እንዲያስመዘግብ ይጠይቃል፤ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትንም ይከለክላል። ማስመዝገብ ማለት ማስረከብ አይደለም። ዳዊቱ የአያታችሁ ነው፤ የሚጻፈው እንዳለ ነው። ወረዳችሁ ሂዱና ጠይቁ። አንድ ጊዜ «ነገ ና» ቢሏችሁ፣ ነገ ሂዱ።

አራተኛ፣ ይህን በተለይ ለገጽ ባለቤቶች ነው የምለው። የገጠር ቤተ ክርስቲያንን መጽሐፍና መስቀል ፎቶ አንሥታችሁ ከነቦታው ስም አትለጥፉ! ለእናንተ ኩራት ነው፤ ለሌባ ግን ካርታ ነው። ላይክ ለማግኘት ብላችሁ የስምንት መቶ ዓመት ዕቃ አታስወስዱ። መዝግቡ፣ ለሚመለከተው ስጡ፣ ዝም በሉ።

ይኼው ነው። አይዘፈንበትም፤ ፉከራ አይወጣውም። ኾይናትስኪ ገበያ ለገበያ ሲዞሩ ማንም አላጨበጨበም። ዶሮቲ ፖርተር ካርድ ስትጽፍ ማንም አልፎከረላትም። ፕሮፌሰር ጌታቸው አንድ ብራና ሲያነቡ ውለው ሲያድሩ ላይክ የሚሰጥ አልነበረም። ዛሬ እኛ «ታሪካችን» ብለን የምንፎክረው ግን በእነሱ ዝርዝር ላይ ቆመን ነው።

እኔ የአያቴን ዳዊት አላገኘውም። ፈልጌዋለሁ፤ ቆራሌው የት እንዳደረሰው እግዜር ይወቅ። ምናልባት ወረቀቱ የበርበሬ መጠቅለያ ሆኗል፣ ምናልባት አንድ ፈረንጅ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። መጠየቅ እንኳን አልችልም። ምን ብዬ? ስንት ቅጠል እንደነበረው አላውቅም። ማን እንደጻፈው አላየሁም። ከመጀመሪያው ገጽ ላይ የቅድመ አያቴ ስም ነበር ይላሉ፤ አላነበብኩትም።

እናንተ አንብቡት። ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ አልጋው ሥር እዩ።



(ንግግሩን ያነበባችሁ፣ አያታችሁን ቀርጻችሁ ከሆነ ስማቸውንና አገራቸውን በአስተያየት ሥር ጻፉልን። የቤት ዕቃና የቦታ ፎቶ ግን አትለጥፉ፤ ጋሼ ምን እንዳሉ አስታውሱ። ለሌላው እንዲደርስ አጋሩት።)